ደጋግሞ የሚታይና ከቤተሰብ ጋር የማያሳቅቅ ኮሜዲ ፊልም ጠቁሙኝ

የማታ_ፊልም (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን አንድ ላይ ቁጭ ብለን የምንስቅበት ፊልም እፈልጋለሁ። አንዴ ታይቶ የሚረሳ ሳይሆን "እስቲ ያንን ፊልም ደግመሽ ክፈቺልን" የሚባል ዓይነት።

ችግሩ ተመልካቾቹ አይመሳሰሉም። ትንሹ ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ትልቋ አሥራ ሦስት ሞልቷታል። እናቴም አብራን ነው የምትኖረው። እንግሊዝኛ አትሰማም፣ ከታች የሚጻፈውን ለማንበብም ዓይኗ ደክሟል። ባለቤቴ ደግሞ የካርቱን ድምፅ ሲሰማ ወዲያው ስልኩን ያወጣል።

ኮሜዲ የሚል የተለጠፈበትን ሁሉ መክፈት ሰልችቶኛል። ገና ተደላድለን ሳንቀመጥ ወይ የአልጋ ላይ ትዕይንት ይመጣል ወይ ስድብ ይዘንባል፣ ከዚያ ሪሞት ፍለጋ ነው። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እላለሁ።

ሌላም ያልገባኝ ነገር አለ። አንዳንዱን ፊልም መጀመሪያ ስናየው ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን፣ ቆይተን ደግመን ስንከፍተው ግን ሁላችንም ዝም። ሌላው ደግሞ በተደጋገመ ቁጥር ይብስበታል፣ ልጆቹ ንግግሩን በቃላቸው ይዘውት ከተዋናዩ ቀድመው ይሉታል። ልዩነቱ ከምን መጣ? ይህን ባውቅ ራሴም እየመረጥኩ መሄድ እችላለሁ።

እባካችሁ ስም ብቻ ደርድራችሁ አትለፉ። ለምን እንደሚያስቅና ምኑ ላይ መጠንቀቅ እንዳለብኝ ጨምሩበት። በቅድሚያ አመሰግናለሁ።


ሁለቴ_ተመልካች፦

እህቴ፣ ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልጀምር። እሱ ከተመለሰ የመጀመሪያው ይቀላል።

በድንገት የሚያስቅ ፊልም አለ፣ አዘጋጅቶ የሚያስቅ ፊልም አለ። የድንገቱ አንዴ ከተሰማ አለቀ። ምን እንደሚመጣ ታውቂዋለሽ፣ ሳቁም አብሮ ይሄዳል። አዘጋጅቶ የሚያስቀው ግን የሚመጣውን ማወቅሽ ራሱ ያስቅሻል። አንቺ ነገሩን ከሩቅ ታዪዋለሽ፣ ሰውየው ግን አያየውም፣ ዝም ብሎ እየተራመደ ይሄድበታል። ለዚህ ነው ልጆች "አሁን፣ አሁን፣ አሁን ሊወድቅ ነው!" እያሉ የሚዘሉት።

ለእናንተ ቤት የመጀመሪያ ምርጫዬ ፓዲንግተን 2 ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ፖል ኪንግ ያዘጋጀው። ድብ ስላለበት "የሕፃናት ነው" ብለሽ እንዳታልፊው። መግቢያው ላይ ድቡ የሚኖርበትን ቤተሰብ አንድ በአንድ ያስተዋውቀናል። አባትየው እርጅና እየመጣ መሰለኝ ብሎ እግር የሚያፍታታ ስፖርት ጀምሯል። እናትየው ረጅም ዋና ትለማመዳለች። ልጁ የእንፋሎት ባቡር ነፍሱ ነው፣ ግን ጓደኞቹ እንዳይስቁበት ይደብቃል። መጀመሪያ ስታዪው እነዚህ ተራ የመግቢያ ቀልዶች ይመስላሉ። መጨረሻው ላይ ባቡር ማሳደድ ሲመጣ ግን የአባትየው እግር፣ የእናትየው ዋና፣ የልጁ የባቡር ዕውቀት ሁሉም ሥራ ላይ ይውላል። ሁለተኛ ጊዜ ስታዪው ከመግቢያው ጀምሮ ትስቂያለሽ፣ ምክንያቱም ወዴት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ።

አንድ ትዕይንት ብቻ ልንገርሽ። ድቡ ባልሠራው ወንጀል እስር ቤት ይገባል፣ የልብስ ማጠቢያው ሥራ ይሰጠዋል። የእስረኛው ልብስ ሁሉ ተከምሮ ይታጠባል፣ መሐሉ አንዲት ቀይ ካልሲ ገብታለች። ቀጥሎ የምናየው ያ ሁሉ አስፈሪ ጡንቸኛ እስረኛ ሮዝ ልብስ ለብሶ ምግብ ቤት ቁጭ ብሎ ነው። እናትሽ ለዚህ ትርጉም አያስፈልጋቸውም። ባለቤትሽን ደግሞ ሂው ግራንት ይይዘዋል። ዘመኑ ያለፈበት፣ ራሱን የሚወድ ተዋናይ ሆኖ ይጫወታል፣ ልብስ እየቀያየረ የሚሠራው ተንኮል ለአዋቂ የተጻፈ ነው። ስሞቹ ማለፍ ሲጀምሩ አትዝጉት፣ እሱ ገና አልጨረሰም።

ጥንቃቄው፦ መጨረሻው አካባቢ ድቡ ውኃ ውስጥ የሚታፈንበት ቦታ አለ። ለስድስት ዓመት ልጅ ያስጨንቃል፣ አጠገብሽ አስቀምጪው። ከዚያ ውጪ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የመጀመሪያው ክፍል (2014) ጥሩ ነው፣ ግን ሁለተኛው ይበልጣል፣ የመጀመሪያውን ሳያዩም ይገባል።


ደረጃው_ላይ፦

ሆም አሎን ሳይጠቀስ ወሬው ሊያልቅ አይገባም። የ1990 ፊልም ነው፣ እስካሁን የሚተካው አላገኘሁም። ቤተሰቡ በጥድፊያ ወደ ፓሪስ ይበራል፣ ትንሹ ልጅ ግን ቤት ተረስቷል፣ ሁለት ሌቦች ደግሞ ቤቱ ላይ ዓይናቸውን ጥለዋል። የቀረውን የሚያወራው ወጥመዱ ነው።

ከላይ የተባለው እዚህም ይሠራል። ልጁ መጀመሪያ የቤቱን ካርታ በእጁ ሥሎ ያሳየናል፣ የቀለም ቆርቆሮውን በገመድ ሲያስር እናያለን፣ የበሩን እጀታ ሲያግል እናያለን። ሌባው እጁን ወደ እጀታው ሲዘረጋ ቤቱ በሙሉ "አይ አይ አይ" ይላል። ቆርቆሮው ከደረጃው ላይ እየተወዛወዘ ሲመጣ ደግሞ አንዱ ሌባ ሲመታ ታያላችሁ፣ ሌላው ጎንበስ ብሎ ያመልጣል፣ ሌላ ቆርቆሮ እንዳለ ግን ማን ይንገረው።

የመጀመሪያው አጋማሽ ቀስ ይላል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ያ ክፍል ባይኖር ልጁን አንወደውም፣ ካልወደድነው ደግሞ ወጥመዱ ተራ ጭካኔ ይሆናል። ጎረቤቱን ሽማግሌ መጀመሪያ ፈርቶት ኋላ የሚያወሩበት ቦታ እናትሽን ሳይነካቸው አይቀርም።

ልብ በይ፣ ልጁ የታላቅ ወንድሙን ክፍል ሲበረብር የአዋቂ መጽሔት ለአፍታ ይገልጣል፣ አንዳንድ ጠንከር ያለ ስድብም አለ። ከሁሉም በላይ ስድስት ዓመት የኮረጃ ዕድሜ ነው። እሳቱና ካውያው የፊልም መሆኑን ቀድመሽ ንገሪው።


ድምፅ_አልባ፦

የእናትሽን ነገር ሁሉም ረስቶት እንዳይታለፍ ነው የገባሁት። እንግሊዝኛ የማይሰማና ጽሑፍ የማያነብ ሰው ባለበት ቤት በንግግር የሚያስቅ ፊልም መምረጥ አንዱን ሰው ከጨዋታው ማስወጣት ነው። ሌላው ሲስቅ እሷ "ምን አለ?" እያለች ትጠይቃለች፣ ተርጉመሽ እስክትጨርሺ ቀልዱ ሞቷል። ለዚህ መፍትሔው ከመቶ ዓመት በፊት ተሠርቷል። ሰውነት የሚያወራበት ፊልም።

ጥቁርና ነጭ መሆኑ አያስፈራሽ። በስተር ኪተን የሚባል ሰው አለ፣ ፊቱ ፈጽሞ ፈገግ አይልም። ዘ ጀነራል የተባለው የ1926 ፊልሙ ከሞላ ጎደል አንድ ረጅም የባቡር ማሳደድ ነው። አንድ ቦታ ላይ ፍቅረኛው ፊት ነሥታው ተክዞ የባቡሩን ጎማዎች በሚያያይዘው ብረት ላይ ይቀመጣል። ባቡሩ ይነሣል። ብረቱ እሱን ይዞ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ እሱ ግን ሐሳብ ይዞት አላወቀም። ይህን ለማሳቅ አንድ ቃል አላስፈለገም። ኋላ ላይ ሐዲዱ ላይ እንጨት ተጋድሞበት በእጁ የያዘውን ሌላ እንጨት ወርውሮ አንዱን በአንዱ ሲያስፈነጥር ባለቤትሽ ስልኩን ያስቀምጣል። ድልድዩ ተሰብሮ ወንዝ ውስጥ የሚገባው ባቡር እውነተኛ ባቡር ነው፣ ያኔ ኮምፒውተር የለም። በ1928ቱ ስቲምቦት ቢል ጁኒየር ደግሞ የቤት ግድግዳ በሙሉ ይወድቅበታል፣ እሱ የቆመው ልክ መስኮቱ ክፍት ያረፈበት ቦታ ላይ ስለሆነ ይተርፋል። ያም በትክክል የተደረገ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ለሞላት ልጅሽ ይህን ከመጀመሩ በፊት ንገሪያት፣ ዓይኗን አትነቅልም።

ቻርሊ ቻፕሊንን ሁሉም ያውቀዋል፣ ግን ብዙ ሰው ቁርጥራጩን ነው ያየው። ሙሉውን እዩት። ዘ ጎልድ ረሽ (1925) ውስጥ ርቦት ጫማውን ቀቅሎ ይበላል። ክሩን እንደ ፓስታ በሹካው ይጠቀልላል፣ ሚስማሩን እንደ አጥንት ይመጠምጣል። ጫማው የተሠራው ከጣፋጭ ከረሜላ ነበር፣ ልጆች ይህን ሲሰሙ እንደገና ማየት ይፈልጋሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቻፕሊን ፊልሙን በ1942 ቆራርጦ በራሱ ድምፅ እየተረከ አውጥቶታል። እናትሽ እንግሊዝኛ ካልሰሙ ተራኪው ይረብሻቸዋል፣ ሙዚቃ ብቻ ያለውን የ1925ቱን ፈልጊ። ሞደርን ታይምስ (1936) ውስጥ ያለው ሠራተኛ የሚያጎርስ ማሽን የተበላሸበት ቦታ ለብቻው አንድ ምሽት ይበቃዋል። እስር ቤት ውስጥ ጨው ነው ብሎ ዕፅ የሚነሰንስበት አጭር ቦታ አለ፣ ትንሹ ልጅ ምን እንደሆነ አያውቀውም፣ ትልቋ ግን ትጠይቅሽ ይሆናል።

ልጆቹ ረጅሙን ይታገሡት እንደሆነ ከተጠራጠርሽ በአጭር ጀምሪ። የሁለቱ የድሮ ኮሜዲያን የሎሬልና የሃርዲ ዘ ሚውዚክ ቦክስ (1932) ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ሁለት ሰዎች ፒያኖ ይዘው ረጅም ደረጃ ይወጣሉ። ታሪኩ ይኸው ነው። ፒያኖው ይመለሳል። እንደገና ይወጣሉ። አጭር ኮሜዲ ተብሎ ኦስካር አግኝቷል። ንግግር አለው፣ ግን ባይሰሙትም አንድም ነገር አያመልጣቸውም።


ትልቅ_ወንድም፦

ድምፅ_አልባ ወንድሜ፣ ምርጫህ ግሩም ነው፣ ግን አሥራ ሦስት ዓመት የሞላትን ልጅ በጥቁርና ነጭ መጀመር ይከብዳል። ያ ዕድሜ "የልጆች" እና "የሽማግሌ" ከተባለ ነገር የሚሸሽበት ነው። መጀመሪያ በራሷ ሰፈር እንግባላት።

ስኩል ኦፍ ሮክ (2003) ለእሷ ነው። ጃክ ብላክ ሥራ የሌለው ሙዚቀኛ ሆኖ በጓደኛው ስም አስተማሪ ነኝ ብሎ ትምህርት ቤት ይገባል፣ ክፍሉን ባንድ ያደርገዋል። ልጆቹ መሣሪያውን በትክክል የሚጫወቱ ልጆች ናቸው፣ እሱ ነው ፊልሙን ደግመሽ እንድትከፍቺ የሚያደርገው። መለያው ፒጂ-13 ነው (ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች ላሉ ማስጠንቀቂያ ያለው)፣ ቋንቋው አንዳንድ ቦታ ይሻክራል፣ ስለ ዕፅ የሚጠቅስም አለ። ለስድስት ዓመቱ ልጅ አይሆንም፣ ለትልቋና ለአባቷ ግን ይስማማል። ሁሉም ፊልም ለሁሉም መሆን የለበትም።

ባለቤትሽ ካርቱን አይወድም ብለሻል። ዘ ኢምፐረርስ ኒው ግሩቭን (2000) ሞክሩበትማ። እብሪተኛ ንጉሥ ላማ ወደሚባል ግመል መሰል እንስሳ ይቀየራል። ክሮንክ የሚባል የክፉዋ ሴትዮ አገልጋይ አለ፣ ሰው ገድለህ ጣል ተብሎ ተልኮ በጨለማ ሲሄድ ለራሱ የጀብድ ሙዚቃ በአፉ እያንጎራጎረ ነው። ክፉ መሆን አቅቶት፣ ምግብ ማብሰል ግን ነፍሱ። እንደዚህ ያለ ገጸ ባሕርይ ነው ፊልምን የሚያስደግመው። ከላይ ስለ ዝግጅት ተባለ፣ ትክክል ነው፣ እኔ ግን ሰው ደግሞ የሚያየው መጀመሪያ ስለናፈቀው ሰው ነው እላለሁ። ክሮንክ ሲናፍቅሽ ፊልሙን ትከፍቺዋለሽ፣ ቀልዱን አስታወስሽ አላስታወስሽ ግድ አይሰጥሽም።

ሌላው ዘ ፕሪንሰስ ብራይድ (1987)። የታመመ ልጅ አልጋ ላይ ተኝቶ አያቱ መጽሐፍ ሊያነቡለት ይመጣሉ፣ ልጁ መሳሳም ያለበት መጽሐፍ አልወድም ብሎ ይነጫነጫል። ሁለት ጽዋና መርዝ ያለበት አንድ ትዕይንት አለ፣ መጨረሻውን አልነግርሽም፣ ግን ካወቅሽው በኋላ ስታዪው የሰውየው ጉራ በሙሉ ሌላ ቀልድ ይሆናል። ይህ ግን በንግግር የሚያስቅ ነው። እናትሽ ጎን ተቀምጦ የሚተርክላቸው ሰው ይፈልጋል፣ ያን ሥራ ለትልቋ ልጅ ስጫት፣ አያቱ ለልጁ እንደሚያነቡለት እሷ ደግሞ ለአያቷ።


መለያ_አንባቢ፦

ሁላችሁም ስለ ፊልሞቹ አወራችሁ፣ እኔ ስለ ማጣራቱ ልበል። እህቴ ሪሞት ፍለጋ የምትሮጠው ኮሜዲ የሚለውን ስም አምና ነው። ኮሜዲ ዓይነቱን እንጂ ለማን እንደሚሆን አይናገርም።

በአሜሪካ የፊልም ዕድሜ መለያ ጂ ማለት ለሁሉም ነው። ፒጂ ወላጅ ይመልከተው ነው። ፒጂ-13 ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች ላሉ ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ አለው። አር ደግሞ ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች ላሉ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ የማይፈቀድ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፣ ፒጂ-13 የመጣው በ1984 ነው። ከዚያ በፊት በፒጂና በአር መሐል ምንም አልነበረም፣ ስለዚህ የድሮ ፒጂ የዛሬው ፒጂ አይደለም። ኤርፕሌን! የተባለው የ1980 ኮሜዲ ፒጂ ነው፣ ውስጡ ግን ራቁት ሰው የሚታይበት ቦታና ብዙ የአልጋ ቀልድ አለ። "ፒጂ ነው፣ የድሮ ጨዋ ፊልም ነው" ተብሎ ከእናት ጋር ቢከፈት ምን እንደሚሆን አስቢው። ዓመቱን ከመለያው ጋር አብረሽ አንብቢ።

መለያው ደግሞ ለምን እንደተሰጠ አጠር አድርጎ ይጽፋል። ለስድብ ነው? ለሚያስፈራ ነገር ነው? ለወሲብ ቀልድ ነው? ለአንቺ ቤት የመጨረሻው ነው ወሳኙ። ከዚያ አይኤምዲቢ የተባለው የፊልም መረጃ ድረ ገጽ ላይ የወላጆች መመሪያ የሚል ክፍል አለ፣ ትዕይንቱን በዝርዝር ይነግርሻል። ኮመን ሴንስ ሚዲያ የተባለው ድረ ገጽም ዕድሜ እየጠቀሰ ይመክራል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሌላው የምለው፣ የፊልሙን ማስታወቂያ አትመኚ። ማስታወቂያው የሚያሳፍረውን ቆርጦ ነው የሚሠራው።

ሚሲስ ዳውትፋየርን (1993) ማንም ስላልጠቀሰው ልጨምር፣ ሮቢን ዊሊያምስ ልጆቹን ለማየት የቤት ሠራተኛ አሮጊት መስሎ የሚገባበት። በጣም ያስቃል፣ ግን ፒጂ-13 ነው፣ ወሲብ ነክ ንግግር አለው፣ ታሪኩም ፍቺ ነው። ወላጆቻቸው የተለያዩ ልጆች ቤት ውስጥ ካሉ ቀድመሽ ለብቻሽ እዪው።


ጠርሙሱ፦

ዘ ጎድስ መስት ቢ ክሬዚስ? ከአውሮፕላን የተጣለ የኮካ ጠርሙስ በረሃ ውስጥ ሲወድቅና ሰዎቹ ምን እንደሆነ ግራ ሲገባቸው፣ ያንን የማይስቅበት የለም። መኪናው ፍሬን የሌለው ሳይንቲስትም አለ። ንግግሩ ባይገባም ይታያል።


መለያ_አንባቢ፦

ጠርሙሱ፣ የመኪናው ቀልድ ድንቅ ነው፣ እስማማለሁ። ግን የ1980ው ፊልም ገና ሳይጋመስ ታጣቂዎች የሚኒስትሮች ስብሰባ ላይ ተኩስ ከፍተው ሰው የሚገድሉበት ትዕይንት አለ፣ ኋላም የትምህርት ቤት ልጆች ይታገታሉ። ለስድስት ዓመት ልጅ ይከብዳል። ሌላው ጠርሙሱን የሚያገኘው የሳን ሕዝብ ከዓለም የተቆረጠና ምንም የማያውቅ ተደርጎ የተሣለበት መንገድ ነው፣ በአፓርታይድ ዘመን በደቡብ አፍሪካ የተሠራ ፊልም መሆኑን ለትልቋ ልጅ ሳይነግሩ ማሳየት ልክ አይመስለኝም። ከልጅቷ ጋር እያወሩ ማየት ይቻላል። የቤተሰብ ሳቅ ምሽት ላይ ግን አላስቀድመውም።


የማታ_ፊልም (ጠያቂ)፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው የረዳችሁኝ። በድንገትና በዝግጅት የሚለውን ስሰማ የእኛ ቤት ፊልሞች ወዲያው ለሁለት ተከፈሉልኝ። እናቴን ያሰበላት ወንድሜ ደግሞ ተባረክ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሁላችንም፣ ስድስት ዓመቱም እናቴም ባለቤቴም፣ አንድም ሰው ሳይተረጎምለት አብረን የምናየው ባለ ቀለም ፊልም አንድ ብቻ ብትመርጡልኝ የቱ ነው? የመጀመሪያዋ ምሽት ከተሳካች ሌላው ይቀጥላል። ካልተሳካች ልጅቷ በር ዘግታ ክፍሏ ትገባለች።


ሁለቴ_ተመልካች፦

ፓዲንግተን 2 ብዬሻለሁ፣ ግን እውነቱን ለመናገር ንግግር አለው። "ማንም ሳይተረጎምለት" ካልሽ ሾን ዘ ሺፕ ሙቪን (2015) ውሰጂ። ከሸክላ መሰል ነገር በእጅ እየተቀረጸ፣ ፎቶ በፎቶ የተሠራ ነው። ውስጡ አንድም የሚገባ ቃል የለም፣ ሰዎቹ ራሳቸው ሲያወሩ ማጉረምረም ብቻ ነው። በጎቹ ሰው መስለው፣ ልብስ ለብሰው ምግብ ቤት ይገባሉ። እንዴት እንደሚበላ ስለማያውቁ ሌላ ተመጋቢ ሰውዬ ይኮርጃሉ። እንደ ካርቱን አይጮህም፣ ባለቤትሽን አትፍሪ።


ድምፅ_አልባ፦

ሾን ጥሩ ነው። የኔ ምርጫ ግን ሚስተር ቢንስ ሆሊደይ፣ የ2007ቱ። ቢንን ሆኖ የሚጫወተው ሮዋን አትኪንሰን የሚያወራው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ሰውየው ዕጣ ደርሶት ወደ ፈረንሳይ ይጓዛል፣ ቋንቋ አያውቅም፣ በመንገድ ላይ የሚያገኘው ሕፃን ደግሞ የሚያወራው ሩሲያኛ ነው። ማንም ከማንም ጋር ሳይግባባ ነው ታሪኩ የሚሄደው፣ ስለዚህ እናትሽ ከፊልሙ ሰዎች እኩል ናቸው፣ እንዲያውም ይበልጣሉ።

የምግብ ቤቱን ትዕይንት ጠብቂ። የባሕር ምግብ በሰሐን ተከምሮ ይመጣለታል። አስተናጋጁ አጠገቡ ቆሞ ያየዋል። አፉ ያስገባትን ኦይስተር የምትባል የዛጎል ሥጋ ሊውጣት አልቻለም፣ ሊተፋትም አልቻለም። ፈገግ ይላል። አስተናጋጁ ዞር ሲል ኦይስተሮቹን ወደ ጎረቤት ሴትዮ ቦርሳ ውስጥ ይገለብጣቸዋል። ቀጥሎ የሴትዮዋ ስልክ መጥራቱ አይቀርም፣ እጇን ወደ ቦርሳው ስትልክ ቤቱ እንዳለ ይንጫጫል። ይህን ቦታ ነው ልጆች "ወደ ኋላ መልሺው" የሚሉት። አንቺም መልሺላቸው።

መለያው ጂ ነው። ቢን የሚለውን የ1997ቱን ፊልም ግን ከሱ ጋር አታምታቺው፣ እሱ ፒጂ-13 ነው፣ ንግግሩም ይበዛል። ስትፈልጊ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚመጡ ሆሊደይ የሚለውን አይተሽ ክፈቺ።